ከባሕር ማዶ ጉዞ ወደ ታሪክ መምህርነት

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ግድም ስደት በኋላ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው መግባታቸው፣ ከዚያም ወደ በላያ ተራራ ማምራታቸው፣ በመጨረሻም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ መድረሳቸው በየታሪክ መጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል። በድባጤ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅም ይህን ምዕራፍ እንደ ሌላው የአገሩ ልጅ ሁሉ ያጠናዋል። ነገር ግን በላያ ለእርሱ የመጽሐፍ ስም ብቻ አይደለም፤ ተራራው እርሱ በተወለደበት በመተከል ምድር የሚገኝ ነው። ልጁ በምዕራፉ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱን ያገኛል፤ የእንግሊዝን መኮንኖች ያገኛል፤ ጭነት የያዙት ግመሎች በቆላው ሙቀት በብዛት እንዳለቁ ያነባል። ለዚያ ሁሉ ሠራዊት መንገዱን ያሳየው፣ የውኃውን ጉድጓድ የጠቆመው፣ በዚያ ቆላ ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው ሰው ማን እንደ ነበረ ግን በተለመደው የመማሪያ ገጽ ላይ አያገኝም።

ይህ ጉድለት ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከመጽሐፉ አልፎ ወደ መምህሩ ያደርሳል። የኢትዮጵያን ታሪክ በዘመናዊ መልክ ጽፈው ካስተማሩት ሰዎች አብዛኞቹ ባሕር ተሻግረው የሠሩ፣ የተማሩ ወይም የተሰደዱ ነበሩ። ከሄዱበት አገር ይዘውት የተመለሱት ነገር ትምህርቱን አቀናው፤ ለረዥም ጊዜ ሳይዙት የቀሩት ነገር ደግሞ እንደ ድባጤ ያለውን አገር ከገጹ ዳር አቆመው። እነዚህ መምህራን ምን አይተው፣ ምን ተምረው እንደ ተመለሱ ማወቅ እንግዲህ ከግለሰቦች የሕይወት ታሪክ የሰፋ ጉዳይ ነው።

ከቀደሙት መካከል አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ግንባር ቀደም ናቸው። በ1853 ዓ.ም. ገደማ በበጌምድር፣ ይፋግ በተባለው ስፍራ የተወለዱት አለቃ ታየ ገና በወጣትነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረዋል። የአገር ቤቱንም የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የሰዋስው መጽሐፋቸው በዚያው በምንኩሉ በ1889 ዓ.ም. ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ በርሊን ተጉዘው በዚያ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት እስከ 1908 ድረስ አማርኛና ግዕዝ አስተማሩ። በዚያም ከኋላ ዘመን በኢትዮጵያ ጥናት ስሙ ከገነነው ከኦይገን ሚትቮኽ ጋር አብረው ሠሩ።

አለቃ ታየ በርሊን ሲደርሱ የአገራቸው የብራና መጻሕፍት ቀድመዋቸው ደርሰው ነበር። በከተማው ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የግዕዝ መጻሕፍት አውጉስት ዲልማን ቆጥሮና ለይቶ ዝርዝራቸውን እ.ኤ.አ. በ1878 አሳትሞታል። በአገር ቤት አንድን መጽሐፍ ለማየት ከገዳም ወደ ገዳም መጓዝ፣ ለጠባቂውም ደጅ መጥናት የግድ በሆነበት ዘመን፣ የአገሩ ሰው የአገሩን መጽሐፍ በባዕድ ከተማ በቁጥሩ ጠርቶ የሚያነብ ሆነ። ታሪክ ከመነገሩ በፊት ማስረጃው መሰብሰብና መለየት ያለበት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ነገር ሊኖር አይችልም። ቁጭቱም ቢሆን ከትምህርቱ የሚያንስ አይደለም።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በሃይማኖት ክስ ታስረው ብዙ ተንገላቱ። ለዓመታት ከደከሙበት የታሪክ ሥራቸውም አጠር ያለው ክፍል ብቻ በ1914 ዓ.ም. በአስመራ ታተመ። እርሳቸው በ1916 ዓ.ም. ቢያርፉም መጽሐፉ በተደጋጋሚ እየታተመ የብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያ የታሪክ መጽሐፍ ሆነ። ርእሱን ልብ ማለት ይገባል፤ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» ይላል እንጂ የነገሥታት ታሪክ አይልም። ዜና መዋዕል የንጉሥን ውሎና ዘመቻ ሲመዘግብ በኖረበት አገር ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁንና ሕዝቡ በመጽሐፉ የሚገባው በነገድና በትውልድ ሐረግ፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ፈለሰ እየተቆጠረ ነው። ሐረጉ በብራና የተጻፈለት ሕዝብ በዚህ ዓይነት አቈጣጠር ይከብራል፤ ያልተጻፈለት ደግሞ እንደ እንግዳ በደጅ ይቆማል። አለቃ ታየ ከበርሊን ያመጡት የመጽሐፍን ክብር ነበርና መጽሐፍ የሌለውን ሰው በምን እንደሚጠይቁት ያ ትምህርት አላሳያቸውም። በዘመኑ የበርሊን ሊቃውንትም ቢሆኑ አያውቁትም ነበር።

በዚሁ ዘመን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። ከምጽዋ በመርከብ ወጥተው በኦስትሪያ ቤተ ሰብ እጅ ያደጉ፣ በጀርመን የተማሩ ሰው ናቸው። የታሪክ መምህር ሆነው በክፍል ውስጥ አልቆሙም፤ በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሞቱ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመው ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ጽሑፍ እውነተኛ ታሪክ ለመጻፍ ምን እንደሚያስፈልግ ሲያስረዱ፣ የተደረገውን ነገር የሚመለከት ልቦና፣ በፍርድ የማያዳላ አእምሮ፣ የጠራ የቋንቋ ችሎታ ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ከሦስቱ መካከለኛው፣ አለማዳላት፣ ከሁሉ የከበደ ነው። በሰው አገር እንግዳ ሆኖ የኖረ ሰው አድልዎን ከውጭም ከውስጥም ያየዋልና ይህን ሐሳብ ያፈለቀው የስደት ኑሮ ነው ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። በእነዚህም ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያው ዘመን ከሁሉ በላይ የተደከመበት ቋንቋ ነበርና ለታሪክ ትምህርት ያደረጉትን እዚህ ማስፋት አያስፈልግም። ነገሩ የሚለወጠው ከነጻነት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ኮሌጁ በካናዳ ኢየሱሳውያን እጅ ተቋቁሞ ለብዙ ጊዜ በውጭ አገር መምህራን ይመራ ነበር። ከነዚህ መምህራን ሁሉ በታሪክ ትምህርት ጥልቅ አሻራ የተወው ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሶን ነው። እርሱም በበኩሉ የጉዳያችን ሌላው ገጽታ ነው፤ ከአገሩ ወጥቶ በኢትዮጵያ ሲሠራ የኢትዮጵያ ታሪክ መምህር ሆነ።

ሩቤንሶን ስለ ውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ያሳተመው ጥናት የአንድን የታሪክ ክፍለ ጊዜ ውሎ መለወጥ የሚችል ነበር። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የኢጣልያን መንግሥት አጋዥ ማድረግ እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ግን ይህን ለማድረግ እንደ ተስማሙ አድርጎ ያስገድዳቸዋል። መምህሩ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ በአንዲት ግሥ ላይ ክፍሉን ሲያቆም ተማሪው ታሪክ በቃል የሚወረድ የዘመን ዝርዝር አለመሆኑን ያያል። ሰነድን ከሰነድ ማመሳከር፣ የጻፈው ማን ነው፣ ለማን ጻፈው፣ ምን ጥቅም ነበረው ብሎ መጠየቅ በዚህ ዓይነት ወደ ኢትዮጵያ የታሪክ ክፍል ገባ።

ችግሩ ሰነድ ባለበት ብቻ መሥራቱ ነበር። ምዕራቡን ድንበር የወሰነው ውል በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ግንቦት 1894 ዓ.ም. ተፈረመ። በእርሱም ውስጥ ወንዝ አለ፣ ተራራ አለ፣ የመሥመሩ አቅጣጫ አለ። የመተከልና የቤላ ሻንጉል ሕዝብ በሰነዱ ውስጥ የሚኖረው በድንበርነት ነው። ሰነድን ብቻ የሚያምን መምህር እዚህ ሲደርስ የሚጠይቀው ምስክር ያጣል።

በለንደን የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት የአፍሪካ ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት እየሆነ የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። ሮላንድ ኦሊቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በዚያ መምህርነት ጀመረ፤ የአፍሪካ ታሪክ መጽሔት በ1960 መውጣት ጀመረ፤ ቤልጂጋዊው ያን ቫንሲናም በ1961 ስለ አፈ ታሪክ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። የሽማግሌ ቃል እንደ ብራናው ሁሉ የሚመረመር፣ የሚመዛዘን፣ ሐሰቱ ከእውነቱ የሚለይ ማስረጃ መሆኑ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የታወቀው ያኔ ነው። ታደሰ ታምራት በ1968፣ መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971፣ ባሕሩ ዘውዴ በ1976 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) የዶክትሬት ጥናታቸውን በዚያው በለንደን ፈጽመው ወደ አዲስ አበባ የታሪክ መምህርነት ተመለሱ። የባሕሩ ጥናት በተለይ ኢትዮጵያ ከሱዳን ጋር በምዕራብ ድንበሯ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1935 ስለ ነበራት ግንኙነት ነው። እንግዲህ ከለንደን ወደ ቤላ ሻንጉል የሚወስድ መንገድ ተገኘ ማለት ነው።

በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉት ታደሰ ታምራት ለንደን የሄዱት ግዕዙን ይዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመው ከ1270 እስከ 1527 ስለ ነበረው ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉት መጽሐፍ የገድልንና የዜና መዋዕልን ምስክርነት በአዲስ ዓይን የመረመረ ነው። ከመጽሐፉ በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ አገው ሕዝብ፣ በዚያው ዓመትም ስለ ጎጃምና ስለ ወለጋ ጉሙዝና ከደጋው ጎረቤቶቹ ጋር ስለ ነበረው ግንኙነት ጥናቶች አወጡ። ይህ ሁለተኛው ጥናት የቀረበው ስለ ረኃብና ስለ ሠፈራ በተደረገ ጉባኤ ላይ ነው። በ1978 ዓ.ም. በጣና በለስ ፕሮጀክት ከሰሜንና ከደቡብ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ መተከል ተወስዶ በፓዌ ሠፍሮ ነበር። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ምድሩን ባዶ አድርገው ሲቈጥሩት የታሪክ መምህሩ በዚያ መድረክ ቆመው ምድሩ ባለቤት እንዳለው፣ ባለቤቱም የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ እንዳለው አስረዱ። ከባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ መምህር ለአገሩ ያዋለው ሥራ ይቈጠር ከተባለ ይህ በፊተኛው መሥመር ሊገባ የሚገባው ነው።

ለመሆኑ በመተከል ላይ ምን ዓይነት ማስረጃ ነበረ? ድባጤ ከዓባይ በስተ ሰሜን፣ በመተከል ቆላና በጎጃም ደጋ መገናኛ ላይ ያለ አገር ነው። ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አገው፣ ኦሮሞና አማራ በጉርብትና ይኖሩበታል። ስለዚህ አካባቢ ከተጻፉት ቀደምት ገጾች ብዙዎቹ የመንገደኛ ናቸው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ተቀምጦ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ቃላት ሲሰበስብ የሺናሻን ወገን ቋንቋ «ጎንጋ» ብሎ መዝግቧል። ሮበርት ቺዝማን ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ አነሣ፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውም መጽሐፍ በ1936 ታተመ (ዘመኖቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እነዚህ ሰዎች የጻፉት ይጠቅማል። ነገር ግን መንገደኛ የሚያየው በመንገዱ ላይ ያለውን ነው፤ የሚጽፈውም አስተርጓሚው የነገረውን ነው።

ከሁሉ የከፋው የስም ነገር ነበር። የቆላው ሕዝብ በደጋው ሰው አፍ የሚጠራበት የንቀት ስም በአስተርጓሚው በኩል ወደ መንገደኛው ማስታወሻ፣ ከማስታወሻው ወደ አውሮፓ መጽሐፍ፣ ከአውሮፓም መጽሐፍ ተመልሶ ወደ ኢትዮጵያ ክፍል ውስጥ ገባ። ጉሙዝ ራሱን ጉሙዝ ይላል፤ ሺናሻውም ራሱን ቦሮ ብሎ ይጠራል። ባሕር ማዶ የኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ከሌላው የቀረበ መሆን ነበረበት። አገሩ በአውሮፓ ካርታ ላይ ሌሎች ባወጡለት ስም «አቢሲኒያ» ተብሎ ሲጠራ አይቷል፤ ስሜ ይህ አይደለም ብሎም ተከራክሯል። ያው ሰው አገሩ ሲገባ በራሱ ቆላ ያለውን ወገን በንቀት ስም ሲጠራ መኖሩ የሚያስገርምም የሚያሳዝንም ነው።

የሺናሻ ቋንቋ ራሱ ለመምህር የማይገኝ ሀብት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት ይህ ቋንቋ ከከፋ፣ ከሸካና ከአንፊሎ ጋር የአንድ ወገን ልጅ ነው። ከዓባይ በስተ ሰሜን ያለ ሕዝብ ከጊቤና ከጎጀብ ማዶ ካለ ሕዝብ ጋር አንድ ቋንቋ ሊወርስ የቻለው በመካከላቸው ያለው ሰፊ አገር ቀድሞ የሚያገናኝ ሆኖ ሳለ በኋላ በሕዝብ እንቅስቃሴ ስለ ተቋረጠ ነው። ይህን ለማስረዳት ብራና አያስፈልግም። ከድባጤ አንድ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ከአንድ እስከ አሥር ቢቈጥር፣ መምህሩም ከጎኑ የከፋን ቁጥር ቢጽፍ ሩቤንሶን በውጫሌ ውል ያደረገውን ማመሳከር ማድረጉ ነው።

ከታደሰ በኋላ ሥራው ቀጥሏል። ኢጣልያዊው አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤላ ሻንጉል ታሪክ ያሳተመው መጽሐፍ አፈ ታሪክን ከጽሑፍ ጋር ያጣመረ ነው። የአዲስ አበባው የታሪክ መምህር አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1999 በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ስለ ነበረው የባሪያ ንግድ ጻፉ። ይህ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ማለፍን የመረጠው ጉዳይ ነበር። ጸጋ እንዳለው ደግሞ በጀርመን ተምረው መተከልን ለብቻው የጥናት ርእስ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው መጽሐፋቸው ከ1898 እስከ 1991 በመተከል ሕዝቦች መካከል የነበረውን ግንኙነት ይመረምራል። ከአለቃ ታየ በርሊን እስከዚህ የጀርመን መጽሐፍ መቶ ዓመት ያህል አልፏል። አለቃ ታየ በጀርመን አገር ያዩት የግዕዝ ብራና ነበር፤ አሁን ግን በዚያው አገር የሚታተመው የመተከል ሽማግሌ ቃል ሆነ።

እንዲህ ያለው ጥናት የምሁራን ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በመተከል የሆነውን ያስታውስ። በድባጤ፣ በቡለንና በአካባቢው ብዙ ንጹሓን ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ሰው በማንነቱ ተለይቶ በተገደለበት አገር በታሪክ ክፍለ ጊዜ «መጀመሪያ የነበረው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ከመጽሐፍ ያለፈ ክብደት አለው። በአንድ ወንበር የሚቀመጡት ልጆች በዚያ ጥያቄ ላይ በቤታቸው የሰሙት የተለያየ ነው። መምህሩ ሐረግ ብቻ ቢቈጥር አንዱን ባለቤት፣ ሌላውን መጻተኛ አድርጎ ይለያያቸዋል። ሰነድ ብቻ ቢያነብ የአብዛኞቹ ልጆች አያቶች በሰነዱ ውስጥ የሉም። ጥያቄውን ለማስወገድ ቢሞክር ደግሞ ልጆቹ መልሱን ከሌላ፣ ምናልባትም ከከፋ ስፍራ ያመጡታል።

በዚህ ላይ ከውጭ ተመላሹ መምህር ያለው ብልጫ ዲግሪው አይደለም። በማያውቀው አገር እንግዳ ሆኖ፣ ቋንቋውን በስሕተት እየተናገረ፣ ስሙን ሲያበላሹበት እየታገሠ መኖሩ ነው። ይህን የቀመሰ ሰው ሽማግሌን ሲጠይቅ መልሱን ከአፉ ሳይነጥቅ መስማት ይችላል። ሁሉም ግን ይህን አይማርም። አሥር ዓመት በውጭ ኖሮ የተመለሰ፣ ከትውልድ ቀበሌው አንድ ቀን መንገድ ያለውን አገር ግን ዞር ብሎ ያላየ ምሁር ብዙ ነው። በተቃራኒው ከክፍለ አገሩ ወጥቶ የማያውቅ መምህር የዓባይን ቆላ ወርዶ፣ ከጉሙዝ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ የውጭ አገርን ያህል የራቀ ትምህርት ሊቀስም ይችላል። ከአዲስ አበባ እስከ ድባጤ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም።

የሚሰማው ቃል ግን እያለቀ ነው። በ1933 ዓ.ም. የግመሎቹ ጉዞ በበላያ ሲያልፍ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ከዘጠና ዓመት በላይ ነው። ከዚያ ትውልድ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ የሰጡት ቃል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ በጻፏቸው ወረቀቶች ውስጥ ይገኛል። ወረቀቶቹ በመኪና የተተየቡ፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ በመጨረሻው ገጻቸው የተናጋሪዎቹ ስም፣ ዕድሜና ቦታ የተዘረዘረባቸው ናቸው። የሚገኙትም በአዲስ አበባ፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው። በርሊን ላይ አለቃ ታየ የአገራቸውን መጽሐፍ ለማንበብ የሦስት ዓመት መንገደኛ መሆን ነበረባቸው፤ የድባጤ መምህርም የአያቶቹን ቃል ለማንበብ እስካሁን አውቶቡስ መሳፈር አለበት።